የሠርግ መኪናው ፍሬን

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ ሰው ነገራን የሚፈልገው አንድ ነገር ሲጣበቅበት ነው። ቁልፉ አልዞር ያለው፣ የስፌት መኪናው አልንቀሳቀስ ያለበት፣ የወፍጮው መዘውር የደረቀበት፣ ሁሉም ዕቃውን በብብቱ ሸጉጦ ወይም በአህያ ጭኖ ይመጣና ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ «አካም ኦልተኒ፣ ኦቦ ነገራ?» ይላል። ሰላምታው ረጅም ነው። ቤቱ ደኅና፣ ከብቱ ደኅና፣ ቢላ ከተማ የሚያስተምረው ልጁ ታፋ ደብዳቤ ጽፎ እንደሆን። ነገራ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ሥራው ጋራዥ ከግሬደር ሥር ተጋድሞ የዋለ ሰው ነው፤ እየመለሰ ዓይኑ የእንግዳው ብብት ላይ ያርፋል። እምቢ እንደማይል ያውቃል። እንግዳውም ያውቃል።

ሚስቱ ድርቤ ስለዚህ ነገር ተናግራ ተናግራ አፏ ዝሏል።

«አባ ታፋ፣ አንድ ቀን ‹አልችልም› ብትል ሰማይ ይደፋብሃል?»

አይመልስላትም። ለነገሩ «አልችልም» ማለትም ጉልበት ይጠይቃል። በሃምሳ ሰባት ዓመቱ የቀረችው ጥቂት ጉልበት ደግሞ ለሥራው እንኳ አልበቃችም። ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ከደጃፉ አጠገብ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብሎ ይቀመጣል። ጫማውን እስኪያወልቅ ድረስ ማንም ባያናግረው ደስ ይለዋል። በቀን ውስጥ የራሱ የሚላት ጊዜ ያቺ ብቻ ናት።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ታኅሣሥ ውስጥ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ አንድ እግር ጫማውን አውልቆ ሌላውን ሊያወልቅ ሲል፣ ጎረቤቱ ሀብተጊዮርጊስ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ሀብተጊዮርጊስ ቡና ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከሸዋ መጥተው ነቀምቴ የቀሩ። ከነገራ ጋር ሁለት ዓመት ተኮራርፈው ከርመዋል። ምክንያቱም አንድ ባሕር ዛፍ ነበር። ነገራ አጥሬ ውስጥ ነው ይላል፣ ሀብተጊዮርጊስ አጥሬ ውስጥ ነው ይላል፤ በመጨረሻ ዛፉን ነፋስ ገንድሶ ሁለቱንም ገላገላቸው። በፋሲካ ታርቀዋል። ሆኖም ሰፈሩ ዕርቅን ቶሎ ይረሳል፣ ጠብን ግን አይረሳም።

«ነገራ ወንድሜ፣ የየሺወርቅ ሠርግ ለጥር ሃያ ስምንት ተቆርጧል» አለ ሀብተጊዮርጊስ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አርጆ ድረስ በራሴ መኪና ነው የምሸኛት። ግን መኪናዋ አልንቀሳቀስ አለች።»

ነገራ የቀረውን ጫማ ሳያወልቅ የተፈታውን መልሶ አሰረና ተነሣ።

ስለ የሺወርቅ ቢሆን ጫማውን ባያስርም ይሄድ ነበር። እናቷ የሞተችው ልጅቷ የአርባ ቀን ጨቅላ ሳለች ነው። ያን ጊዜ ድርቤ ታፋን ታጠባ ነበርና ሕፃኗን ወስዳ በሁለተኛው ጡቷ አስጠጋቻት። ልጅቷ ሁለት ዓመት ጠባች። ከዚያ በኋላ ባሕር ዛፍም መጣ ኩርፊያም መጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ «አዮ»፣ እናቴ፣ እያለች ወደ ድርቤ መግባቷን አልተወችም። ድርቤም በኦሮምኛ «ኢንተለ ኮ» ስትላት፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ ድምፅዋ ይለወጣል። ለራሷ ልጅ ለታፋ እንኳ እንዲያ ያለ ድምፅ የላትም።

መኪናዋ ፊያት ናት፣ ነጭ፣ አገልግላ የተገዛች። ሀብተጊዮርጊስ ክረምቱን በሙሉ በቆርቆሮ ዳስ ሥር አቁሟት ከርሟል። የነቀምቴን ክረምት የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገበትን ዝናብ ዘንግቶ በቆርቆሮ ተማመነ። ነገራ ክሪክ አስገብቶ የፊቱን ጎማ ከመሬት አነሣና በእጁ ሊያሽከረክረው ሞከረ። ጎማው እንደ ተተከለ ቀረ። ወዲያኛውም እንዲሁ ነው።

ሥራው ይህ ነው። በየጎማው ውስጥ አብሮ የሚዞር የብረት ሳሕን አለ፤ ያንን ሳሕን ከሁለት ወገን ጨብጦ የሚያቆመው ብረት ካሊፐር ይባላል። በካሊፐሩ ሆድ ውስጥ የጡጫ ያህል ወፍራም ፒስተን አለ። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ ፒስተኑ ይወጣል፣ ሲለቅ ይመለሳል። የሀብተጊዮርጊስ ፒስተኖች ዝገው ሳሕኑን እንደጨበጡ ደርቀዋል። ነገራ ሁለቱን ካሊፐሮች ፈትቶ ወደ ቤቱ ወሰደ። ፒስተኑን ስለሚከቡት የጎማ ቀለበቶች፣ በጋራዥ ቋንቋ ጎሚኒ ስለሚባሉት፣ ለሀብተጊዮርጊስ ነገረው፤ ያረጁት ተሰነጣጥቀዋል፣ አዲስ ከአዲስ አበባ ይምጣ። ሀብተጊዮርጊስ በአውቶቡስ ሰው ላከ። ጎሚኒው ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ደረሰ፣ ሁለት ብቻ፣ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ።

እስከዚያው ድረስ ነገራ ከዝገቱ ጋር ተያያዘ። ዝገት ሲሉት ቀላል ይመስላል። ነጭ ጋዝ አጠጣው፣ አሳደረው፣ በእንጨት መታው፤ እሳት ዳር አስጠግቶ አሞቀው፣ እንደገና መታው። የመጀመሪያው ፒስተን በአምስተኛው ቀን ወጣ። ሁለተኛው በዘጠነኛው ቀን አንድ ጣት ያህል ወጥቶ መልሶ ቆመ፤ ነገራ ያን ዕለት ካሊፐሩን ጉልበቱ መካከል እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። ድርቤ ናት ቀስ ብላ ከእጁ የወሰደችለት።

ደግሞ ቀን የለም። እሑድ ነገራ አይሠራም፤ ሚሲዮን ቤት ያደገ ሰው ነው፣ በሰንበት መዶሻ አያነሣም። ሀብተጊዮርጊስ በበኩሉ፣ «በሚካኤል ዕለት የልጄ የሠርግ መኪና ብረት አይመታባትም» ይላል። በማርያምም፣ በጊዮርጊስም፣ በመድኃኔዓለምም እንደዚያው። የአንዱ ሃይማኖት እሑድን ወሰደ፣ የሌላው ሃይማኖት የቀረውን ቦጨቀ፤ ነገራ የተረፈችውን ምሽት ይዞ ይፍጨረጨራል።

አንድ ችግር ደግሞ ነበር። ጎሚኒ የሚታጠበው በንጹሕ አልኮል ነው፤ ጋዝ ከነካው ይበላሻል። አልኮል ያለው ወይዘሮ ዘርፈሽ አረቄ ቤት ነው። ነገራ በሕይወቱ ረግጦት የማያውቀውን ደጃፍ በጠራራ ፀሐይ ረግጦ፣ በሽሮፕ ጠርሙስ አስቀድቶ፣ ጠርሙሱን ኮቱ ውስጥ ደብቆ ወጣ። የደበቀው ነገር ሁልጊዜ ይታያል። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ነገራ በስተርጅና አመል አወጣ ይል ጀመር።

ጥር ሃያ፣ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ፒስተኖች በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው የመስታወት ያህል አበሩ። ጎሚኒዎቹን በአረቄ አጥቦ ከፒስተኖቹ ጋር በነጭ ጨርቅ ጠቀለለና ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠ። ወገቡ ተቆርጦ ነበር። «ሰኞ እገጥመዋለሁ» ብሎ አሰበ። ድርቤን ጠርቶ፣ «ይህን አደራ» አላት፤ «ጋዝ፣ ናፍታ፣ የሞተር ዘይት፣ ከእነዚህ አንዱ ቢነካው አለቀለት።» ድርቤም «ቶሌ» አለች። እሺ ማለቷ ነው። አደራ የሰጠው በግማሽ እንቅልፍ ስለነበር ሌላ ነገር መጨመር ትዝ አላለውም። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይጨምራል?

ሰኞ ጧት የመንገድ ሥራው አለቃ ግሬደር በቢላ መንገድ ላይ ተሰብሯል ብሎ ነገራን በጭነት መኪና ላይ አሳፍሮ ሰደደው። እስከ ሐሙስ አልተመለሰም።

ሐሙስ ማታ አቧራ ለብሶ ገባ። ድንጋዩ ላይ እንኳ ሳይቀመጥ ጨርቁን አወረደና ፋኖሱ ሥር ፈታው።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ለጋ ቅቤ። ከዚያ አየው፤ ፒስተኖቹ ወዝተዋል፣ በየጥጋጥጋቸው ነጭ ቅባት ረግቷል፤ ጎሚኒዎቹም እንዲሁ። አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ጫን አለው። አብጧል። እንደ ራሰ ቆዳ ለስልሷል። ካሊፐሩን አምጥቶ ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ሊያስቀምጠው ሲሞክር ከቦይው እየተረፈ ይወጣል።

ነገሩ ወዲያው ገባው። እሑድ ዕለት ድርቤ የየሺወርቅን ፀጉር ቅቤ እንደቀባች ያውቃል፤ ከአርጆ ያስመጣችውን ምርጥ ቅቤ፣ ለሙሽራ ብላ ያቆየችውን። ከዚያ የተረፈውን እጇ ላይ እንዳለ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄዳ ብረቱንም ቀባችው። እንዲለሰልስ ብላ። ለልጇ መንገዱ እንዲለሰልስላት። የደረቀ ነገር ሁሉ፣ ጠፍርም ይሁን የታመመ ጉልበት ይሁን የሙሽራ ራስ፣ በዚህች አገር ቅቤ ነው መድኃኒቱ። ነገራ ጋዝ ብሏል፣ ናፍታ ብሏል፣ የሞተር ዘይት ብሏል። ቅቤ አላለም።

ድርቤ ጓዳ ውስጥ ሆና እያዜመች ነበር። ብዙ ጊዜ አታዜምም።

ነገራ ያን ማታ እንደማይሆን እያወቀ ሞከረ። ያበጠውን ጎሚኒ በግድ አስገባው፣ በጧት ተነሥቶ አንዱን ካሊፐር መኪናዋ ላይ ገጠመና ፍሬኑን ረገጠ። ፒስተኑ ወጣ፤ ሳሕኑን ጨበጠ። ለቀቀው፤ አልተመለሰም። ጎማውን በሁለት እጁ ቢታገለውም ንቅንቅ አላለም። ከዝገቱ አሁን ባሰ። በአርጆ ቁልቁለት ላይ እንዲህ አንዱ ጎማ ተይዞ ሌላው ሳይያዝ ሲቀር ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ገደል የገባ መኪና ሲጎትት ነው የኖረው። ከፊት የሺወርቅ ትቀመጣለች። ከኋላ ደግሞ ድርቤ ራሷ፣ እንደ እናት ሆና ልትሸኝ።

አዲስ ጎሚኒ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው።

ሀብተጊዮርጊስን አጥሩ ሥር አገኘው።

«መኪናዋ አትሄድም» አለው።

ሀብተጊዮርጊስ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ምን ማለትህ ነው?»

«ጎሚኒው ተበላሸ።»

«ማን አበላሸው?»

ነገራ ወደ ቤቱ ዞሮ አየ። ከሁለት ዓመት በፊት ቀለሟ የምትባል ሴት ጭቃ ላይ የወደቀች ላሟን ስታስነሣ የዋርካውን ሥር ቅቤ ቀባች ተብላ፣ የነገራ ጸሎት ቤት ምእመናን የአያቶቻችንን አምልኮ መለሰች ብለው አንድ ዓመት ከጌታ ማዕድ አግደዋታል። አሁንም ሠርግ ሊሠረግ ሲል ብረት ቅቤ የቀባች ሴት አለች ቢባል ምን እንደሚሉ ነገራ ያውቃል። የሀብተጊዮርጊስ ዘመዶች በበኩላቸው መተት ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ ይቅር። ድርቤ ራሷ ብታውቅስ? ያቺን መኪና ከልጄ የወሰድኩባት እኔ ነኝ ብላ ቀሪ ዘመኗን እንዴት ታድራለች?

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«እንዴት አድርገህ?»

ነገራ ውሸት የለመደ ሰው ቢሆን አንድ ነገር ይፈጥር ነበር። ሀብተጊዮርጊስ የሁለቱን ግቢ አጥር አየ።

«ባሕር ዛፉ ነው» አለ በዝግታ። «አሁንም ያ ባሕር ዛፍ። ከእኔ ጋር ነው ጠብህ፣ በልጄ ትመጣለህ?»

አርብ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌ መጣ።

ሁለት ሆነው ነው የመጡት። አንዱ ኦቦ ሞረዳ ናቸው፣ ከነገራ ጋር አንድ ጸሎት ቤት የሚቀመጡ፣ ፂማቸው የሸበተ ትልቅ ሰው። ሌላው አቶ ማዘንጊያ ናቸው፣ ጎጃሜ፣ የሀብተጊዮርጊስ የንስሐ አባት ወንድም። ሞረዳ በእጃቸው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ግቡ ሲባሉ ገቡ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ግን አልተቀመጡም። ልመናቸው ሳይሰማ ሽማግሌ አይቀመጥም። ድርቤ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማለች፤ ነገራ የእግሯን ጣቶች ያያል።

«ማሎ፣ ያ ነገራ፣ እባክህ ነገራ» አሉ ሞረዳ ሣሩን ዘርግተው። «ልጅቷ የሚስትህ የጡት ልጅ ናት። በአባቷ ያለህን ቂም በእሷ ላይ አታውለው።»

«ቂም የለኝም፣ አባ። ጎሚኒው ነው።»

«ጎሚኒ ምንድን ነው?»

ነገራ አስረዳ። ከሳሕኑ ጀምሮ፣ ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ጎማ ቀለበቱ፣ ቀለበቱ ሲያብጥ ምን እንደሚሆን። ሽማግሌዎቹ ሥነ ሥርዓት ባለው ትዕግሥት እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲጨርስ ማዘንጊያ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እኔ ስድስት አገር ሸምግያለሁ። ሰው መሬት ነው ይላል፣ ከብት ነው ይላል፣ ሚስት ናት ይላል። ጎማ ነው ያለ ያየሁት አንተን ነው። በዚህች በምታህል የጎማ ቀለበት ሠርግ ሲቀር የት አይተሃል?»

«አላየሁም፣ ጌታዬ።»

«ሰሞኑን ደግሞ ዘርፈሽ ቤት ታይተሃል አሉ።»

«ለጎሚኒው ነው።»

ማዘንጊያ ሞረዳን አዩ፤ ሞረዳ ማዘንጊያን አዩ።

«እንግዲያስ ባለበት ግጠምና ስጠው» አሉ ሞረዳ። «የሚሆነውን ለእግዚአብሔር እንተወው። እሺ በለንና እንቀመጥ። እግራችን ዝሏል፣ ልጄ።»

የነገራም እግር ዝሎ ነበር። እሺ ብሎ መገላገል ከምንም ነገር ይቀላል። ለሃምሳ ሰባት ዓመት እሺ ሲል ኖሯል። መጋረጃው ሥር ያሉትን ጣቶች አየ፤ ከእሑድ ጀምሮ የተቀቡ ይመስል ወዝ ያላቸው፣ ደስ ያላቸው ጣቶች።

«እምቢ» አለ።

ቃሏ ከአፉ ስትወጣ ራሱም ደነገጠ። ሞረዳ ሣሩን ዝቅ አደረጉ። ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን እምቢ ያለ ሰው በዚያ ሰፈር አልታየም።

«እንግዲህ ቂም አለህ» አሉ ማዘንጊያ።

ነገራ ዓይኖቹን ጨፈነ። በጣም ደክሞት ነበር፤ ከግሬደሩም ከዝገቱም የተለየ ድካም።

«አዎ» አለ። «አለኝ። ጎሚኒውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ በባሕር ዛፉ ምክንያት።»

ከመጋረጃው ኋላ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ሸክላ ነበር።

ፍርዱ ቀላል ነው፤ አገር የሚያውቀው። ቅዳሜ ጧት፣ በመድኃኔዓለም ዕለት፣ በደለኛው ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ተበዳዩ ደጅ ይሂድ፣ ይቅርታ ይጠይቅ። ነገራ ድንጋይ ፍለጋ ግቢውን ዞረ። ትንሽ ቢወስድ ንስሐው ትንሽ ይመስላል። በመጨረሻ ከደጃፉ አጠገብ ያለውን፣ ጫማውን የሚያወልቅበትን፣ ከመሬት ነቅሎ ማጅራቱ ላይ ጫነው። ድርቤ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ አላገዘችውም።

ከግቢ ግቢ ሰባ እርምጃ ነው። ሰፈሩ ወጥቶ ቆሟል። በስልሳኛው እርምጃ ተደናቀፈ፤ ግን አልወደቀም። ሀብተጊዮርጊስ ደጃፍ ሲደርስ አጎንብሶ፣ «ይቅር በለኝ» አለ። ሀብተጊዮርጊስ እንደ ሥርዓቱ ሦስት ጊዜ አስለምኖ ድንጋዩን ከማጅራቱ አወረደለት። ድንጋዩ እዚያው ከበሩ አጠገብ ቀረ።

የሺወርቅ መስኮቱ ላይ ነበረች። ፊቷን መለሰች። ነገራን ከድንጋዩ ይልቅ የከበደው ያ ነው፤ ሁለት ዓመት በጉልበቱ ላይ ያጫወታት ልጅ ናት።

በማግስቱ ሙሽራዋ አርጆ የገባችው የሙሽራው ወገኖች በመጡበት የቡና ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ፣ ከሾፌሩና ከሚዜዋ መካከል ተጨናንቃ ነው። ከነቬሏ ቡናማ ሆና ደረሰች አሉ። ግን ደረሰች። ለሌላ ሰው ቦታ ስላልነበረ ድርቤ ቀረች።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ድርቤ ለነገራ ምግብ ታቀርባለች፣ ውኃ ታቀርባለች፣ ቃል አታቀርብም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ትሪውን እያነሣች፣ «ለሰው ሁሉ እሺ ብለህ፣ ለልጄ ብቻ እምቢ አልክ» አለችው። ነገራ እጁን ታጠበ። ሠላሳ ዓመት አብራው ከኖረች ሴት አንደበት ያን መስማት ድንጋዩን መልሶ የመሸከም ያህል ነው፤ እሱ ግን ዝም ለማለት ወስኗል። ማታ ማታ ግድግዳውን በአንድ እጁ ተደግፎ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን ያወልቃል። ድንጋዩ የነበረበት ቦታ ሣር ሳያበቅል ጎድጉዶ ቀርቷል።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ጎሚኒው መጣ። ሀብተጊዮርጊስ ነው ያስመጣው፤ ጠቡ በድንጋይ አልቋል፣ እንደ ሥርዓቱ መነጋገር አለባቸው። «ለፋሲካ የሺወርቅን ከነባሏ አርጆ ሄጄ ላመጣት ነው» ብሎ ወረቀቷን ነገራ እጅ ላይ አኖረ። ዓይኑን ግን አላየውም።

ቅዳሜ ነበር። ነገራ ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፎ፣ ጎሚኒዎቹን አጥቦ፣ ፒስተኑን ሊያስገባ ሲል ድርቤ ከቤት ወጣች። በእጇ የቅቤ ቅል ይዛለች። የልጅቷ መምጣት አንጀቷን አላልቶት ነበር፤ ድምፅዋ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና የቀድሞውን ይመስላል።

«አባ ታፋ» አለች አጠገቡ ቁጢጥ ብላ፣ «ያን ጊዜም ቀብቼልህ ነበር እኮ። አልነገርኩህም። ሙሽራዋን ስቀባ ለብረቱም አካፈልኩት፤ እንዲለሰልስላት። አሁን ደግሞ ትንሽ ልቀባልህ።»

ነገራ የጋራዡን ሳምንት ጨርሶ የመጣ ሰው ነው። እጁ በሥራ ላይ፣ ሐሳቡ በፒስተኑ ላይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ በጥርሱ ነክሶ የያዘው ነገር፣ ምንም ሳያስብ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ ከአፉ ወጣ።

«ተይው፣ ቅቤ ያሳብጠዋል።»

የተናገረውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነው። ቀና ሲል ድርቤ እጇን ቅሉ ውስጥ እንዳስገባች ቀርታለች።

«ምን ያደርገዋል?»

«ማለቴ... ይሄኛው ዓይነት...»

«አባ ታፋ።»

መዋሸት አልቻለም።

«ያሳብጠዋል።»

«ሲያብጥስ?»

«ፍሬኑ ይያዛል።»

ድርቤ ቅሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም፤ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት ናት። ፊቷ ላይ አንድ በአንድ ሲያልፍ አየው፤ እሑዱ፣ ጨርቁ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የተሰበረው ሸክላ፣ የቀረበችው ትሪ። «ታውቅ ነበር» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና ወደ በሩ ሄደች።

«ሃዳ ታፋ! የታፋ እናት፣ ወዴት ነው?»

አልመለሰችለትም። ነገራ ሊነሣ ሲል በሩ ተዘጋ። ልታለቅስ ሄዳ ነው ብሎ አሰበ። ልቡ በጣም አዘነ፤ ሁለት ወር የተሸከመው ነገር በአንዲት ቃል ከንቱ ሆነ።

ፀሐይ ጥቂት ዞር ስትል ሰፈሩ ሲንጫጫ ሰማ። በሩ ተከፈተ። ድርቤ ድንጋዩን ማጅራቷ ላይ ጭና ገባች። አንገቷ ተጣሟል፣ ነጠላዋ ጭቃ ሆኗል። ከኋላዋ ሀብተጊዮርጊስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ልሸከምልሽ ብላት እምቢ አለችኝ» አለ ለማንም ሳይሆን።

ነገራ እየተንገዳገደ ተነሣ። «አውርጂው፣ ወገብሽን ትሰብሪዋለሽ።»

በአጠገቡ አልፋ ሄደች። ከደጃፉ አጠገብ፣ ጎድጓዳዋ ላይ፣ ድንጋዩን ራሷ አወረደችው፤ በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ በቦታው አስቀመጠችው። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ቆየች።

«ለእሱ ነግሬዋለሁ» አለች ወደ ሀብተጊዮርጊስ በአገጯ አመልክታ። «ሁሉንም። ነገ ደግሞ በጸሎት ቤት ለጉባኤው እነግራለሁ። ከማዕድ ቢያግዱኝም ያግዱኝ።»

ድርቤ ድንጋዩ ላይ ያለውን አፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ከነገራ ፊት ተንበረከከች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ጫማህን ላውልቅልህ።»

ነገራ እምቢ አላለም፤ ተቀመጠ።